ሰምና አሉሚኒየም

በትሪየስቴ ወደብ ጥቅምት ሲጋመስ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ሳይደርስ፣
የባሕሩን ጨው ዘግኖ በየደጁ ሳይነሰንስ፣
ነሬዮ ቆቡን ደፍቶ ጋራዡ ደጅ ደረሰ፤
በሩ ሲጢጥ ቢል፣ ጉልበቱ አጸፋውን መለሰ።

አርባ ዓመት ክሬን የነዳ፣
ኮንቴነር እንደ ክብሪት ቀፎ ያነሳ የነበረ ክንዱ፣
ዛሬ የሚያነሳው ብጣሽ ጨርቅ ነው፣
የኦንዲና አሮጌ የሌሊት ልብስ፣
እንዳይቧጭር ቁልፉ አንድ በአንድ የተነቀለ።

ጉዚዋ ቆማለች፣ ቴስታታዋን ግራ ቀኝ አውጥታ፣
እንደ አሮጊት በአውቶቡስ ሰልፍ፣ ክርኗን ዘርግታ።
በጋውን ስትከንፍ ከርማ ፊቷ ደብዝዟል፤
እርሳስ መስሏል፣ ዝናቡ ነጭ ነጥብ ዘርቶበታል።

በሳሙና አጠባት፣ ለብ ባለ ውሃ።
የምድጃ ማጽጃ ያስጠጋባት ሰው ከእሱ ጋር ሰላምታ የለውም፤
ያ መርዝ አሉሚኒየም ይበላል፣
አጥቁሮ ይተወዋል እንጂ አያጥበውም።

ከዚያ ውሃ የጠጣ ብርጭቆ ወረቀት፣
ስምንት መቶ፣ ሺ፣ ሁለት ሺ፤
እየቀጠነ የሚሄድ ሹክሹክታ፣
መጀመሪያ ሽሽሽ፣ ከዚያ ሽሽ፣ ከዚያ ሽ።

ከዚያ ቅባቱ፤ የአተር ፍሬ ታክል፣ ከዚያ በላይ ብክነት።
ሲያሸው ጨርቁ ጠቆረ።
ሁሌም ይገርመዋል፤
ከዚህ ሁሉ ብርሃን ውስጥ
ይህ ሁሉ ጥላሸት የት ነበረ?
ትራፊውን በዱቄት አነሳ፣
በፍርኖ ዱቄት፣ ኦንዲና ሳታየው ከጓዳዋ በዘገነው።

የእህቱ ልጅ ዴኒስ መጣ፣ ስልኩን እያየ።
«ቫርኒሽ ቀባውና ተገላገል! አንዴ ነው፣ ለዕድሜ ልክ።»
ነሬዮ አልመለሰለትም።
ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ክዳን አወረደ፣
የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ቫርኒሽ የተቀባ።
ላዩ መስታወት፤
ታቹ ግን፣ ከአንዲት የፀጉር ስንጥቅ ውሃ ሾልኮ ገብቶ፣
ነጭ ትል መሳይ መንገድ ሠርቶበታል፣ በዝምታ በልቶ።
«አየህ? ተዘግቶበት ነው የታመመው።»
ዴኒስ ትሉን በጣቱ ሊነካ ሞከረ፤
መስታወቱ ከለከለው።

ሰም ይሻላል። ሰም ያረጃል፣ ያልቃል፣ ተመለስ ይላል።
በእኛ አገር ሰም የሚገፈፍ ነው፤
ባለቅኔው አቅልጦት ነው ወርቅ አገኘሁ የሚለው።
ነሬዮ ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር፤
እሱ ጋ ሰሙ ሲገፈፍ የሚገኘው አመድ ነው።

ግራው አለቀ። ወደ ቀኙ ዞረ፣
ወደዚያች ጭረት።
የኦፒቺና ጠመዝማዛ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ኦንዲና ከኋላው፤
ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው።
ጉዚዋ በጎኗ ተንሸራታ፣
አስፋልቱ ክዳኑን ነከሰ፣ የኦንዲናንም ክርን።
ከዚያ ወዲህ በየጥቅምቱ ይዞራታል እንጂ አይነካትም።

ዘንድሮ በጥፍሩ ፈለጋት።
አጣት።
መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ አምፖሉን አስጠጋ።
አልነካኋትም ይላል፤
ግን ጨርቅ መቼ ድንበር ያከብር፣
በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፣ ከዳር ከዳር፤
መወልወል ማለት፣ ለካ፣ መቀነስ ነበር፤
በጥቁሩ ጨርቅ የወጣው እድፍ ብቻ አልነበር።

«ኦንዲና!»
«ዱቄቴን ማን ነካው?» እያለች መጣች።
ጭረቷ ጠፋች አላት፣ ልጅ እንደጠፋበት ሰው።
ኦንዲና እጅጌዋን ሰበሰበች፣
ክርኗን አምፖሉ ሥር አኖረች፤
ጠባሳው እንዳለ ነው፣ ሐምራዊ፣ ሸካራ፣
ማንም ያልወለወለው።
«ይኸውልህ» አለችው፣ «እኔን ገና አልጨረስከኝም።»

ዝም አለ። ሰሙን በመዳፉ አሞቀ፣
ክዳኑን ቀባ፣ ጭጋግ እስኪያወጣ ጠበቀ፣
በንጹሕ ጨርቅ አሸ።
ፊቱ ብቅ አለ፣ አጠገቡ የእሷ፣
ጉብታው ላይ ተለጥጠው፣ ተጣመው፣
እንደ ሁለት ሽማግሌ ዓሣ።

አሮጌ አንሶላ አለበሳት፤ ፕላስቲክ ያልባታል።
ውጭ ቦራ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አንኳኳ።
«ዱቄቱስ?» አለች ኦንዲና፣
በሩን በሙሉ ክብደቷ ይዛለት።